አሥራ ሰባት ቁጥር ብልቃጥ

እስቲ ትንሽ ጸጥ በሉልኝ! ጋሼ፣ እርስዎም እዚያው ይቀመጡ፤ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ ማምለጥ የለም።

እኚህ ሰው አለቃ ሆነው ላቦራቶሪያችን የመጡ ዕለት እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ደም ትፈልጋላችሁ አይደል? ከእኔ ጀምሩ» አሉን። ደስ አለን። መርፌውን አዘጋጅቼ ቀና ስል ጋሼ የሉም! ግድግዳውን ታከው ወለሉ ላይ ራሳቸውን ስተዋል። ዕድሜ ልኩን ከደም ጋር የኖረ ሰው መርፌ ሲያይ ይወድቃል ብሎ ማን ይገምታል? ሲነቁ፣ «ቀዳሽው?» አሉኝ። «ኧረ ገና ነው!» ስላቸው፣ «በይ ድገሚ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሥራችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ነጭ የደም ሴልን ከእሱ በሚጠብ ቦይ ውስጥ እናሳልፋለን። ጤነኛው ተጣጥፎ ሹልክ ይላል። የደም ካንሰር ያለበት ሰው ሴል ግን ደረቅ ይልና መግቢያው ላይ ይገተራል። ለማለፍ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት እንለካለን።

ጋሼ ታዲያ በየብልቃጡ ላይ ያለውን ስም በፕላስተር ይሸፍኑና ቁጥር ብቻ ይጽፉበታል። «የማን እንደሆነ ካወቅሽ ዓይንሽ ያዳላል» ባይ ናቸው። ከዚያ ሦስቴ ያስለኩናል። በጓሮ ስንት ስም አወጣንላቸው መሰላችሁ! የጸናው ግን «ጋሼ ድገሙት» ነው። ቤታቸውንም ቆልፈው ሦስቴ እየተመለሱ ይፈትሻሉ አሉ። እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ? ይኸው፣ ባለቤታቸው እየሳቁ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሁላችን ለመውጣት ስንጣደፍ አሥራ ሰባት ቁጥር አላልፍ አለ። የሕመምተኛ ደም ያለባቸው ብልቃጦች ስድስት ብቻ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ስድስቱም ቀድመው ተገትረዋልና ይሄ ሰባተኛ ሆነብኝ።

«ጋሼ፣ ቦዩ ተደፍኖ ነው፤ ይጣል» አልኩ።

«ድገሚው።»

በአዲስ ቦይ ደገምኩት። ያው ነው።

«ድገሚው።»

በሆዴ እየተነጫነጭኩ ደገምኩት። ያው! ጋሼ ፕላስተሩን ላጡት። ከሥሩ የእኔ ስም ነበር። ያን ሳምንት የጤነኛ ደም የሰጠሁት እኔ ነበርኩ።

ጋሼ ኮታቸውን አነሱና፣ «መሣሪያው ሐኪም አይደለም። ተነሺ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ» አሉኝ። ሐኪሙ መርምሮ፣ «በጊዜ ደርሳችኋል» አለ። ሕክምናው ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ደም በተቀዳሁ ቁጥር እኚህ መርፌ የሚፈሩ ሰው እጄን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አጠገቤ ቆመዋል። አንድ ቀን አልቀሩም።

ጋሼ፣ ያን ዓርብ ልጥለው የነበረው የገዛ ሕይወቴን ነው። ልጄ ዛሬም «እማዬ» ስትል «ወዬ» የምትላት ያገኘችው በእርስዎ ነው። አመሰግናለሁ። ሳላለቅስ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! ለጋሼ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ያማረ ዕረፍት! ... ጠጣችሁ? ኧረ ብርጭቆውን ለምን አስቀመጣችሁት? በእኚህ ሰው ቤት አንድ ጊዜ መቼ ይበቃል? ድገሙት!