ድልድዩ ላይ የሚጸዳው አውቶቡስ

ሹፌሩ የእህቱን ልጅ ያገኛት ሳያስበው ነው። ሞተሩን አስነስቶ፣ አውቶቡሱን መናኸሪያው ውስጥ እያጓራና እያጨሰ ትቶት፣ ራሱ ሻይ ቤት ተቀምጦ ተሳፋሪ እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር። ሲመለስ አንዲት ወጣት ሴት አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ከረዳቱ ጋር ስትከራከር አገኘ። ገና ከሩቁ ቱግ አለ። ጠጋ ሲል ግን ተከራካሪዋ የታላቅ እህቱ ልጅ ሆና ተገኘች። በሌላ ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ አያቷ ዘንድ ልትከርም መሄዷ ነበር። አገላብጦ ሳማት፤ ቦርሳዋን ተቀብሎ ጋቢና ከጎኑ አስቀመጣት።

«ጋሼ፣» አለችው ገና ሳትደላደል፣ «መኪናው ካልሄደ ሞተሩ ለምንድን ነው የሚነሳው? ያቺ ልጅ ያዘለች ሴትዮ ጭሱን ስትጠጣ ነው የቆየችው።»

«ሞተር ካልጮኸ ተሳፋሪ አይገባም። ሊነሳ የደረሰ መኪና መስሎት ነው የሚሳፈረው፤» አላት እየሳቀ። «አስተማሪነቱን ለተማሪዎችሽ አድርጊው።»

መንገደኞች ይህን ሹፌር «ጋሽ መስታወት» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ስለ አውቶቡሱ ንጽሕና ነው፤ እውነታቸውንም ነው። ሌሎቹ መኪኖች ውስጥ የለውዝ ገለባና የብርቱካን ልጣጭ እየረገጡ ሲገባ፣ የሱ ወለል ግን ሁልጊዜ እንዳብረቀረቀ ነው። ምስጢሩ ቢጫ ፌስታል ነው። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ አንድ ያድላል፤ ቢጫውን የመረጠውም ደንበኛ በእሱ እንዲያውቀው ብሎ ነው። ልጣጩም፣ ባዶው የውሃ ፕላስቲክም፣ የሚያስመልሰው ሰው ትውኪያም እዚያ ውስጥ ይገባል። ከተማው ሊደርሱ ሲሉ አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ይቆማል። ረዳቱ ፌስታሎቹን ይሰበስብና አፋቸውን በሁለት ጆሮ ቋጥሮ ወደ ወንዙ ይለቃቸዋል፤ ከዚያ ወለሉ ይጠረግና አውቶቡሱ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ መናኸሪያ ይገባል። ይህ ሁሉ ሲደረግ «ነውር ነው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ይመረቅበት ነበር። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ቆሻሻው ከእጃችን ከወጣ ከዓለም የጠፋ ይመስለናል።

ያን ቀን ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ ሲናደድ ነው የተጓዘው። ያናደደው ግን የልጅቱ ጥያቄ አልነበረም፤ የእናቱ ነገር ነው። እናቱ ከድልድዩ በታች ባለው ሰፈር፣ ወንዙ በሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ ከሚገባበት አፍ አጠገብ ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት እሱ መንገድ ላይ ሳለ ቱቦው ታፍኖ ውሃው ወደ ኋላ ተመለሰና ቤታቸው ገባ። ጎረቤት በር ሰብሮ ሲያወጣቸው ውሃው አልጋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳሉ አልለቀቃቸውም። ሐኪሙም ደረታቸው ሌላ እንዲህ ያለ ብርድ እንደማይችል ቁርጡን ነግሮታል። ሌላ ቤት ልከራይልሽ ብሎ ቢለምናቸው፣ ባላቸው የሠሩትን ቤት ትተው እንደማይወጡ ተናገሩ። አሁን ደግሞ ክረምቱ ገብቷል።

ቱቦውን የዘጋው ፌስታል መሆኑን ጎረቤቶች ነግረውታል። የማን ፌስታል? እሱ ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል፤ ወንዙ ሽቅብ ያሉት ሰፈረኞች ናቸው። እናቱ በየማለዳው ከአልጋ ሳይወርዱ «ቤቴን ውሃ ያስገባብኝ ሰው ደረቅ መኝታ አያግኝ» ብለው ይረግማሉ። እሱም ቤት ካደረ ከወዲያኛው ክፍል «አሜን» ይላል፤ የሚለውም ከልቡ ነው።

«አንድ ቀን ባገኘው፣» አለ መሪውን በመዳፉ እየመታ፣ «ክስ ምናምን አላውቅም። በእጄ ነው የማንቀው።»

ልጅቱም የአያቷ ነገር አንጀቷን ይበላት ነበርና፣ ልክ ነዎት አለችው። ሁለቱም አንድን ሰው እየረገሙ ድልድዩ ላይ ደረሱ።

ሰማዩ ጠቁሯል። ረዳቱ ፌስታል እየሰበሰበ መጥቶ እጁን ዘረጋላት። እሷ ውሃዋን ከቤት በቆርቆሮ ጠርሙስ ይዛ፣ ልጣጯንም ቦርሳዋ ውስጥ ባለ ሳህን ከድና ስለነበር የተሰጣት ፌስታል ባዶውን ጭኗ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ የት ልታደርገው ነው ብላ ጠየቀችው። በአገጩ ወንዙን አሳያት።

«ጋሼ፣ ወንዝ ውስጥ ነው የምትጥሉት?»

«ታዲያ ጭኔ ላይ ላስቀምጠው? ወንዙ ይወስደዋል።»

«ወስዶ የት ያደርሰዋል?»

«እኔ የወንዝ ሹፌር አይደለሁም። እሱ መንገዱን ያውቃል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሳቁ ልጅቱን አበሸቃት፤ ቆማ ትናገር ጀመር። ፌስታል እንደ ልጣጭ የማይበሰብስ መሆኑን፣ አንድ ጊዜ ውሃ ተጠጥቶበት የተጣለ ፕላስቲክ የጠጪውን የልጅ ልጅ ዕድሜ እንደሚያልፍ፣ ከብቶች በልተውት እንደሚሞቱ ዘረዘረች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰሌዳ ፊት እንደቆመች ነበር የተናገረችው፣ ሰው ደግሞ በአደባባይ ሲያስተምሩት ጆሮው ይዘጋል። ሹፌሩም መልስ አላጣም። ቆሻሻውን ይዞ ቢገባ መኪናው እንደሚሸት፣ ዝንብ እንደሚወረው፣ የሸተተ መኪና ደግሞ ደንበኛ እንደሚያሳጣው ነገራት። መናኸሪያው ጥግ ላይ ገንዳ አለ አይደል ስትለው፣ እስከዚያ ድረስ ማን ይሸከመዋል አላት።

«እንግዲያው መስታወት ያሉዎት ሰዎች ተሳስተዋል፣» አለችው። «እርስዎ ቆሻሻዎን ከዓይንዎ ያርቁታል እንጂ አያጸዱትም። በእርስዎ ንጽሕና የሚቆሽሽ ሌላ ሰው አለ።»

ይህን ሰው ፊት መስማት ለጋሽ መስታወት ሞት ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ።

«በመኪናዬ ተቀምጠሽ ልትሰድቢኝ? ውረጂ።»

እሷም የእናቱ ዘር ናትና አልለመነችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች፤ ከድልድዩ ጎን ወደ አያቷ ሰፈር በሚወስደው ቀጭን መንገድ ቁልቁል ሄደች።

ሹፌሩ መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ። የዝናብ ጠብታ መስታወቱን መታ። «ልጄን ሜዳ ላይ ጥለሃት መጣህ» የሚለው የእናቱ ድምፅ ከወዲሁ ጆሮው ላይ አቃጨለ። ቆሽቱ እያረረ ከመኪናው ወረደና ጎትቶ ሊያመጣት ተከተላት። በዚህ መንገድ ሄዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ እናቱ ቤት የሚገባው ከመናኸሪያው በኩል፣ በአስፋልቱ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የቱቦውን አፍ አይቶት አያውቅም።

ቁልቁለቱ ግርጌ አገኛት። ቦርሳዋን ድንጋይ ላይ ጥላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጉልበቷ ድረስ ውሃው ውስጥ ገብታለች። የቱቦው አፍ አይታይም። የሚታየው ቢጫ ነው። ግማሹ ጭቃ ለብሶ እርስ በርሱ ተጠላልፏል፣ ግማሹ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያልተቀደዱት ደግሞ አፋቸው በሁለት ጆሮ እንደተቋጠረ ነው። ከኋላቸው ወንዙ ቆሞ ቀስ እያለ ያብጣል።

«ከላይ ሰፈር ነው የሚመጣው፣» አለ። ድምፁ ግን አላገዘውም።

«ከላይ ሰፈር ቢጫ ፌስታል የሚያድል ማን አለ?»

ማንም የለም። እሱ ራሱ ነው ለደንበኛ ምልክት ይሁነኝ ብሎ የመረጠው። ቀና ሲል የእናቱ ቤት ጣራ አናቱ ላይ ይታያል፤ ከጣራው በላይ ደግሞ ድልድዩ፣ ድልድዩ ላይ የሚያብረቀርቀው አውቶቡሱ። ዓመቱን ሙሉ «አሜን» ያለባቸው ማለዳዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡበትና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ልጅቱ አላዘነችለትም፤ ገና ንዴቷ አልበረደም። «የሚያዝኑበት ጊዜ አይደለም፣ ጋሼ። ዝናቡ መጥቷል፣ አያቴ እቤት ናት። ይነሱና ይሳቡ።»

ጥቂት እንደሳቡ ለሁለት ሰው የሚቻል አለመሆኑ ገባው። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወደ አውቶቡሱ ሮጠና በሩ ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀምሮ ነበር።

«ቅድም የሳቃችሁት እኔ ስላሳቅኋችሁ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣» አለ። «ከእጃችሁ ተቀብዬ የጣልኩት ሁሉ እናቴ ደጃፍ ተከምሯል። ውሃው ዛሬ ይገባባታል። እጅ ያለው ይውረድልኝ።»

ከፍለን ነው የተሳፈርነው ያሉ ነበሩ። መጀመሪያ የወረደው ረዳቱ ነው፤ ቋጠሮው የሱ ስለሆነ የማንንም ዓይን ማየት አልቻለም። ከዚያ ልጅ ያዘለችው ሴት ልጇን ለጎረቤቷ ሰጥታ ወረደች። እሷ ስትወርድ ጎረምሶቹ መቀመጥ አፈሩ። ዝናቡ እየወረደባቸው ጎተቱ፣ ተቀባበሉ፣ አወጡ። ቱቦው ሲከፈት ወንዙን ጎረሰው፤ ውሃውም እያጉረመረመ አለፈ። የወጣውን ሁሉ ሹፌሩ በገዛ እጁ አውቶቡሱ ውስጥ ጫነው፤ ጋሽ መስታወትም ለመጀመሪያ ጊዜ በጭቃ የተለወሰ መኪና ይዞ መናኸሪያ ገባ። ሌሎቹ ሹፌሮች አፋቸውን ይዘው እያዩት ወደ ገንዳው ነዳው።

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። የእናቱ ቤት ወለል ግን ደርቆ አደረ። ማለዳ ላይ እንደ ልማዳቸው «ቤቴን ውሃ ያስገባብኝ ሰው ደረቅ መኝታ አያግኝ» አሉ። «አሜን» የሚል ጠፋ። ሹፌሩ መጥቶ አልጋቸው ግርጌ ቆመ።

«እማዬ፣ ሰውየው ተገኝቷል። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ሳይደብቅ ነገራቸው። እናቱ በክንዳቸው ተደግፈው ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«አንተን ነው እንዴ ስረግም የከረምኩት? አንተስ በራስህ ላይ ነው አሜን ስትል የነበረው?» አሉት በቁጣ። «ልጄ ነህ ብዬ እርግማኑን በወሬ አላነሳልህም። ከአፍህ አንድ ቃል አልፈልግም። ክረምቱ ይውጣ፣ ቱቦውን አይቼ እፈርዳለሁ።»

ክረምቱ ወጣ። በዚያ ክረምት ቢጫ ፌስታል ማደል ቀረ። ረዳቱ አውቶቡሱ የኋላ በር ላይ ጆንያ አሰረ፣ ለሚያስመልሰውም ሰው የሚታጠብ ባለክዳን ጣሳ ተቀመጠ፤ ልጣጩ ለብቻው ተለቅሞ የእናትየው ጓሮ ውስጥ ተቀበረ፣ ጎመናቸውም በዚያ አፈር ወፈረ። ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባ ቧንቧ ያለው በርሜል ተተከለና መንገደኛው ጠርሙሱን ከቤቱ እያመጣ በነጻ ይሞላ ጀመር፤ ውሃ ለመግዛት ያወጣው የነበረውን ኪሱ ውስጥ አስቀረ። መናኸሪያ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ ይቆማል። ተሳፋሪ ይቀራል ብሎ የፈራው ሹፌር፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ጭስ የሌለበትን መኪና እየመረጡ ሲመጡለት አየ፤ ነዳጁም ተረፈው። ልጅቱም ከሱ የተማረችው አልጠፋም፤ ሰው ፊት ቆሞ ከመዘርዘር በፊት እጅ ይዞ ቦታውን ማሳየት እንደሚበልጥ ገብቷታል። መጀመሪያ በጆንያው ያሾፉበት ሹፌሮችም አንድ በአንድ ጆንያ አንጠለጠሉ፤ ድልድዩ ላይ የሚቆም መኪና ጠፋ።

ልጅቱ ወደ ሥራዋ ልትመለስ በነበረበት ማለዳ፣ እናትየው በምርኩዝ እየተደገፉ ወጥተው የቱቦውን አፍ ካዩ በኋላ ተመልሰው ተኙ። ሹፌሩ በወዲያኛው ክፍል ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ወንዙን መንገድ የከፈተለት ሰው፣» አሉ ከአልጋቸው፣ «ደረቅ መኝታ ያግኝ።»

«አሜን» አለ ሹፌሩ፣ የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ።