የሚስ ክላራ ትከሻ

ያኔ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ለሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ የዊልቸር ቫን ነው የምነዳው። ከማመላልሳቸው ሰዎች አንዷ ሚስ ክላራ ናቸው፤ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የባሌት ዳንሰኛ። በልጅነታቸው ፓሪስ ባሌት ደንሰው፣ በመርከብ አሜሪካ ገብተው፣ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ዳላስ ውስጥ አስተምረዋል። ዊልቸር ላይ ከዋሉ ወዲህ ግን ማንንም አያናግሩም። ሰውነት ማፍታቻ ቴራፒ አደርሳቸዋለሁ፤ እጃቸውን እንኳ ሳያነሱ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ቀይ መብራት ይዞኛል፤ የወሎ ዘፈን ቀስ አድርጌ ከፍቻለሁ። መቼም የወሎ ልጅ ነኝ፣ ከኋላዬ ሰው መኖሩን ረስቼ ትከሻዬን ለቀቅኩት። "ምንድነው እሱ?" አሉ ሚስ ክላራ። ክው አልኩ። ሪፖርት ካደረጉኝ ሥራዬ አበቃለት። "ይቅርታ፣ ዳንስ ነው። እኛ አገር በትከሻ ነው የምንጨፍረው" አልኳቸው። "እኛን አስተማሪያችን ትከሻችን ከተነቃነቀ በዱላ ነበር የምትመታን። ፓርክ አድርግና አሳየኝ" አይሉኝም? ሶ፣ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩና ዞሬ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ትከሻቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቆይቶ ቀኙ ተነሳ፣ ግራው ተከተለው። የቴራፒው ሰዓት አለፈን፤ ማን ትዝ ብሎት።

በሳምንቱ ስመጣ በር ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል። "ዛሬስ እንዳይደክምዎት" ስላቸው ሳቅ አሉ። "የደከመው እግሬ ነው" አሉኝ፤ "ትከሻዬ ገና መጀመሩ ነው።"