ልብሱን የሚመልስ ተዋናይ

ዓመቱ 1978 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጠዋት ብርድ፣ ረፋድ ላይ ደረቅ ፀሐይ። ከድርቁ ወዲህ የመጀመሪያው ማሽላ ከኮምቦልቻ በላይ ባሉት እርከኖች ላይ ቆሞ አጨዳ ይጠብቃል።

እንድሪስ ቃል የሚቆጥብ ገበሬ ነው። ሰላምታ እንኳ ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው። ያን ቀን ግን ዝም ማለት አልቻለም። አያ በሺር የተባሉ ሽማግሌ ሁለት ሰዎች አስከትለው ልጁን ሳፊያን ለእህታቸው ልጅ ሊጠይቁ መጥተዋል። የእህታቸው ልጅ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ማን ለሰፈራ ወደ ወለጋ እንደሚጫን፣ ማን እንደሚቀር የሚወስን። ሳፊያ ለእናቷ «ከእሱ ጋር ከምኖር ወለጋ ብሰፍር ይሻለኛል» ብላለች። እንድሪስ «እምቢ» ቢል ሊቀመንበሩ ቤተሰቡን በሚቀጥለው አውቶቡስ ያስጭነዋል፤ «እሺ» ቢል ልጁን ያጣል።

በወጉ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም። አያ በሺርና ባልንጀሮቻቸው ግቢው መሃል በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በወጉ ደግሞ ጠያቂው ራሱ ዝር አይልም፤ ነገር ግን ከቁልቋሉ አጥር በላይ አንድ የካኪ ቆብ ብቅ ብሎ ይታያል። እንድሪስ ቆቡን አየ። ወደ አጥሩ ጠጋ አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ።

«አያ በሺር፣ ኸይር ነው? ከብቱ፣ ልጁ፣ ማሽላው ደህና ነው? አልሀምዱሊላህ። ወፉ አላስቸገራችሁም? እኛን አስቸግሮናል... ጠግቦም የራበው የሚመስል ወፍ አለ መቼም። ቁጭ በሉ አልልም፣ ወጉን አውቃለሁ። አብሽሩ፣ ብዙ አላቆማችሁም። ብቻ አንድ ሰው ትዝ አለኝ...

«ያን አምና የመጣውን የስዊድን ሰው ያስታውሱታል? ጉናርን። ከካሜራ ሰዎቹ ጋር እህል የሚታደልበት ሜዳ ላይ የሰነበተውን። ዕቃቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ምሳ ላይ አስተርጓሚው ፈንታሁን የሰውየውን ታሪክ ያጫውተን ነበር። በአገሩ ተዋናይ ነው አሉ፣ በፊልምም በቴሌቪዥንም። እዚያ አገር ያልሆኑትን መስሎ መታየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚህ እኮ በትርፍ ሰዓት ነው የሚሠራው...

«በምን ጀመረ መሰልዎ? በበር ከፋችነት። ፊልሙ ላይ የባላባቱን በር ይከፍታል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይዘጋል፤ አንዲት ቃል አይናገርም። ጎንበስ ማለቱ ግን ሲያምርበት... ቀላል ይመስላል እንጂ ጎንበስ ማለት ተሰጥኦ ይፈልጋል። ያዩት ሁሉ ‹ይህ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል› አሉ። ደረሰ። በሚቀጥለው ፊልም በር ሰባሪ አደረጉት። ያው በር ነው እኮ፣ አያ በሺር። ትናንት ጎንበስ ብሎ የከፈተውን ዛሬ በእርግጫ። መፈክሩንም ከሁሉ አስበልጦ የጮኸው እሱ ነበር አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይደነቅም? እኛ በአንድ ፊት ተወልደን በዚያው እንሞታለን፤ ምን ያህል ሰነፎች ብንሆን ነው?

«ከዚያ ወታደር ሆነ፣ ከዚያ ቄስ። ወታደር ሲሆን ሰው ይሸሻል፣ ቄስ ሲሆን ሰው ያለቅሳል። እኛ ዘንድ አንዱ ካድሬ ሲመጣ ሶላቱን ረስቶ፣ ካድሬው ሲሄድ ጁምዓ መስጊድ ውስጥ የፊተኛው ሶፍ ላይ ተሰልፎ ቢገኝ እንታዘባለን። ለካ መሃይሙ ታዛቢው ነው... ችሎታ መሆኑን ማን ነገረን?

«በመጨረሻ ቴሌቪዥን ሐኪም አደረገው። ስንት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ በየሰዉ ቤት እየገባ ሲያክም። መንገድ ላይ ሲያገኙት እጃቸውን ዘርግተው ‹ዶክተር፣ ይህን እብጠት ይዩልኝ› ይሉት ነበር፤ እነዚያ የተማሩት እንኳ። ታዲያ በኛ ሴቶች ይፈረዳል? ቴሌቪዥን የምትባለውን ማን አይቷት ያውቃል? ‹የቴሌቪዥን ሐኪም ነበር› ሲባል ቴሌቪዥን አንድ ትልቅ ሆስፒታል መሰላቸው። በማግስቱ ልጆቻቸውን አዝለው ድንኳኑ በር ላይ ተሰለፉ። ጎረቤቴ ከሪማ ያቺን ዓይኗን ያመማትን ልጇን እግሩ ሥር አስቀምጣ ጉልበቱን ያዘች።

«ምን ያደርግ ነበር? ከእርዳታ ጣቢያው ነጭ ጋዋን ተውሶ ግንባራቸውን ዳሰስ ዳሰስ ቢያደርግ ማን ያውቅበት ነበር? ዶሮውም፣ እንቁላሉም፣ ምርቃቱም ይጎርፍለት ነበር። እሱ ግን ፊቱ በርበሬ መሰለ። ፈንታሁንን ጠርቶ ‹ሐኪም አይደለሁም በላቸው። ጋዋኑን ለብሼ ነበር፣ ሥራ ሲያልቅ አውልቄ እመልስ ነበር› አለ። ከዚያ ልጆቹን በመኪናው ጭኖ ሐኪም ፍለጋ ደሴ ወጣ። ሞኝ ነው። ሰው የሰጠውን ክብር ይመልሷል? አንዴ የለበሰውን የማያወልቅ ስንት ብልህ አለ...

«ፈንታሁን እንዳለው በነሱ አገር ተዋናይ የለበሰውን ልብስ ሁሉ ለልብስ ጠባቂው ሳያስረክብ ቤቱ አይገባም። የንጉሥ ይሁን፣ የለማኝ ይሁን። ልብስ ስል... ጋቢዬ ትዝ አለችኝ። ያቺ ጫፏ የተበላ፣ መሃሏ የተቀደደ። ካሜራው የራበው ሰው ሊያነሳ የመጣ ዕለት፣ አንድ ጎተራው ያልጎደለ ሰው ‹ለአፍታ አውሰኝ› ብሎ ወሰዳት። ስሙ ጠፋብኝ፣ እርጅና ነው። ተከናነባት፣ ጉንጩን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ከሰልፉ ፊት ቆመ... ወላሂ፣ እኔ ከልቤ የራበኝ ሰውዬ አዘንኩለት። ጉናር ከካሜራው አጠገብ ሆኖ አየውና ፈንታሁንን ‹ይህ ሰው ይህን ሙያ የት ነው የተማረው?› ሲል ጠየቀው። ዕድሜውን በትወና የጨረሰ ሰው ነው እንዲህ የደነቀው። ኩራታችን አይደለም? ጋቢዋ ግን አልተመለሰችም። ሌላ ፊልም ይኖር ይሆናል...

«አልሰማችሁም እንዴ? ባለፈው ሰኞ ገበያ ላይ ፈንታሁን አገኘኝ። ፊልሙ አልቋል አለኝ። ጉናር ራሱ ይዞት መጥቶ ደሴ ላይ ለባለሥልጣኖቹ ሊያሳይ አስቧል አሉ። የእያንዳንዱ ሰልፈኛ ፊት ግድግዳ አክሎ ይታያል። ደስ አይልም? ባለሥልጣኖቹ ‹ይህን ችግረኛ የት ነው የምናውቀው? ስብሰባ ላይ ይመስለናል› ይሉ ይሆናል... ጠርተው ቢጠይቁኝ ስሙ ትዝ እንዳይለኝ ነው የምፈራው።

«ወይ እኔ፣ ጨዋታ አበዛሁ፤ እግራችሁ ደከመ። የእህትዎ ልጅ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? እሱ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፤ አጥር ሥር ቆሞ ወሬ የሚሰማበት ጊዜ የት አለው? ሳፊያን በተመለከተ... ልጄ ገጠሬ ናት። ጠዋት የሸኘችው ሰው ማታም ያው ሰው ሆኖ እንዲመለስላት የምትመኝ ሞኝ። ለእሱ ዓይነቱ አትመጥንም፤ ታሳፍረዋለች።

«በሉ እጃችሁን ዘርጉ፣ ዱዓ ላድርግ። አላህ ለእህትዎ ልጅ ከኔ ልጅ የምትሻል፣ ፊቱን የምትወድ ሚስት ይስጠው። ቤቱን በልጆች ይሙላለት። ልጆቹንም፣ ያ ረቢ... ከሰው መሃል አባታቸው የቱ እንደሆነ ለይተው የሚያውቁ ያድርግለት። አሚን በሉ።»

አያ በሺር መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው አነሱና ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሸፈኑት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከሳቅ አልታወቀም። ከአጥሩ በላይ የነበረው ቆብ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ፣ ቁልቁለቱንም ወረደ። እንድሪስ በዓይኑ ሸኘው። ሰውየው ከተቆጣ ታሪኩ የኔ ነው ማለቱ ነው፤ ይህን ደግሞ አይልም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋቢዋ ቁልቋሉ ላይ ተንጠልጥላ ተገኘች። ታጥባለች፤ ቀዳዳዋ ግን እንዳለ ነው።

እንድሪስ አገላብጦ አያት፣ ትከሻው ላይ ጣላት፣ የቢስቲማን መንገድ ያዘ። እዚያ ሀምዱ የሚባል ሸማኔ አለ፤ ክረምት ሳይገባ ለወንድ ልጁ ሳፊያን ጠይቆ መልስ ሳያገኝ የቀረ። ሳፊያ ያን ጊዜ ምንም አላለችም ነበር፤ የዚያን ሰሞን ግን ከምንጭ ስትመለስ ሁሉ ታንጎራጉር ነበር። እንድሪስ ይህን አልረሳም።

ሀምዱ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ቀና ብሎ ሳይነሳ እንድሪስ ጋቢዋን ጭኑ ላይ አኖረለት።

«የዚችን ቀዳዳ ድፈንልኝ» አለ። «ለልጆቻችን ሰርግ የምለብሳት ናት።»

ሌላ ቃል ሳይጨምር በሩ ላይ ተቀመጠ።