ሆድ ያስሮጠ የሪህ ኪኒን

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ መቀመጥም መቆምም አቅቷቸዋል። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት በሪህ አብጦ የስፌት መኪናውን ፔዳል አላስረግጥ ብሏቸዋል፤ ሆዳቸው ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ወደ ጓሮ ያመላልሳቸዋል። ታዲያ የከፋቸው እንዳይመስላችሁ። መድኃኒት ቤት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ዝናብ አባሯት ሱቃቸው ዘው ስትል በደስታ ነው የተቀበሏት።

«ነይ ልጄ፣ የምሥራች! ኪኒኑ ሠራ። በሽታው በሆዴ እየወጣልኝ ነው።»

«ስንት ዋጡ፣ አጎቴ?»

«ሐኪሙ ያዘዘውን ዋጥኩ። ሕመሙ አልለቅ ሲለኝ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ስፌት ካልያዘ ይደረባል እንጂ ይተዋል?» አሉና ሌላ ኪኒን ከብልቃጡ አወጡ።

ልጅቱ እጃቸውን ያዘች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን አይውጡ። ተቅማጡ ኪኒኑ ከልክ አልፎ ሰውነትዎን መመረዝ ሲጀምር የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። የዚህ መድኃኒት ፈውሱና መርዙ ጎረቤታሞች ናቸው። ይልቅ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«በእኛ ጊዜ ያላስቀመጠ መድኃኒት መድኃኒት አይባልም ነበር! ስለ ገዛ ሆዴ ልታስተምሪኝ ነው?»

እሳቸውን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ልጅቱ ግን አልተወቻቸውም።

«ኩላሊቱ ለደከመ ሰውማ ጥቂቱም ይበዛበታል፣ አጎቴ።»

ሽማግሌው ክው አሉ። ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ወዳጃቸው ጣቴን አመመኝ ቢላቸው፣ ጠዋት ከብልቃጡ አካፍለውታል። ደርበህ ዋጠው ብለው የመከሩትም እሳቸው ናቸው። የሰውየው ኩላሊት ደካማ መሆኑን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ገደልኩት!» አሉና ባንድ እግር ጫማ፣ በዚያ ዝናብ፣ እያነከሱ ተሻገሩ። ፔዳል እምቢ ያለው እግር ለወዳጅ ሲሆን ረገጠ።

ጫማ ሰፊው ኪኒኖቹን መዳፉ ላይ ይዞ ነበር።

«ዋጥከው?»

«ኧረ ገና ነው፤ ምሳዬን ልብላ ብዬ።»

«ተመስገን! ሆዳምነትህ አተረፈህ» አሉና ነጠቁት። እንባቸው ግን ቀደማቸው።

ሦስቱም ሐኪም ቤት ሄዱ። ልብስ ሰፊው ተኝተው ታከሙና በደህና ወጡ። ከዚያ ወዲያ የታዘዘላቸውን ብቻ ይውጣሉ፤ ሆዳቸውን ካወከው ወይም ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ካዩ ለሐኪማቸው ለመንገር አይውሉ አያድሩም፤ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝላቸውም የሪህ ኪኒን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገራሉ። ዛሬ ፔዳሉ እንደ ልብ ይረገጣል።

የጫማ ሰፊው ጣት ሲመረመርስ? ሪህ የሚባል አልነበረበትም። በገዛ እጁ የሰፋው ጫማ ጠብቦት ኖሯል። ሽማግሌው ይህን ለደንበኞቻቸው ሲያወሩ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

«ለጠበበ ጫማ ብዬ» ይላሉ፣ «ወዳጄን ልቀብረው ነበር።»