የአለሙ ጋሪና የእኔ ጣራ

ፓስተር ዕዝራ፣ የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ኪሩ፣ ከፋብሪካው የመጣችሁ የአለሙ የሥራ ባልደረቦች፣ ከሰበታም ከሶዶም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አካም ጅርቱ? እኔ ሮማነወርቅ እባላለሁ፤ በአጭር ሕመም የተለየን የአለሙ አከራይ ነኝ። ለተከራይዋ የስንብት ንግግር የምታደርግ አከራይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ግን ባለቤቱ ኤልሳቤት፣ «እትዬ፣ እርስዎ ይናገሩ፤ እሱን የሚያስቀው የእርስዎ ነገር ነው» አለችኝ። ስለዚህ ብትስቁ ማንም አይቆጣችሁም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር። ኤልሳቤት ዕቃዋን ማሰር ጀምራለች። ልጇን አቤኒን ይዛ ሶዶ፣ ወላጆቿ ጋ ልትገባ ነው። «ጋሪውን የሚገፋው ከሌለ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብላኛለች። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ስለዚያ ጋሪ እዚህ ዓለም ገና ከተማ ላይ ያልሰማ የለም። መብራት ሄደ መጣ ሲል አለሙ ሰለቸውና ሶላር ልግዛ አለ። አዲስ አበባ ገብቶ ጠየቀ። ሻጩ «ቤትህ ስንት ክፍል ነው?» ሲለው «አንድ» አለ፤ ኩባያ የምታክል መብራት አወጣለት። አልገዛም። ተመልሶ ግቢ ውስጥ ቆመና ተከራዩን ሁሉ ጠየቀ። ምን ትሰካላችሁ? ስልክ? ቴሌቪዥን? የጆኒን የፀጉር መቁረጫ? እኔ በር ላይ ደርሶ «እትዬ፣ ፍሪጅዎስ?» አለኝ። «የእኔ ፍሪጅ አንተን ምን አገባህ?» አልኩት። «ሶላር የሚመረጠው በሚሰካው ዕቃ ነው እንጂ በክፍሉ ብዛት አይደለም» አለኝ። ባለ አንድ ክፍሉ ሰውዬ ለግቢው ሁሉ የሚበቃ ገዝቶ መጣ። እንዲህ ያለ ተከራይ ገጥሟችሁ ያውቃል?

ከዚያ ጣራዬን አየ። «እትዬ፣ ይሄ ጣራ ወደ ደቡብ ነው የሚያዘነብለው፤ ለሶላሩ ፓኔል የተሠራ ነው።» «ለዝናብ ነው የተሠራው» አልኩት። ከእሱ በፊት የነበረው ተከራይ ዲሽ ሊተክል ቆርቆሮዬን በስቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ጣራው አልጋዬ ላይ ሲያፈስብኝ ከርሟል። ጣራዬን ማንም አይበሳም አልኩ። ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ይሄንኑ እላለሁ። አለሙ ቢሰማኝ ይስቅ ነበር።

ተቆጣ? አልተቆጣም። አኮረፈ? አላኮረፈም። ብየዳ ቤት ሄዶ አሮጌ የእጅ ጋሪ ላይ ማቆሚያ አስበየደና ፓኔሉን ጫነበት። ጠዋት በሩ ጋ፣ እኩለ ቀን ላይ ግቢው መሃል፣ ከሰዓት ልብስ ማጠቢያው ጋ፣ ፀሐይን እየተከተለ ይገፋው ጀመር። ባትሪው ሙቀት አይወድም ብሎ ጃንጥላ ያዘለት። የባጃጅ ሾፌሮች በር ላይ ቆመው «ለባትሪ ጃንጥላ፣ ለሰው ፀሐይ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ፋብሪካ ሲገባስ ማን ይግፋው? እኔ። ስልኬ ይጮሃል። «እትዬ፣ ፀሐይ ዞረች።» ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋሉ የለ። «እትዬ፣ ፀሐይ ዞረች።» አንዴ ሱሉልታ ሰርግ ተጠርቼ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ስልኬ ጮኸ። «እትዬ፣ ፀሐይ ዞረች።» «ኧረ እኔ ሱሉልታ ነኝ» ብለው፣ «እዚያም ዞራለች» ብሎኝ እየሳቀ ዘጋው።

ጆኒ፣ አትደበቅ። ያንተን ካውያ የምረሳ መሰለህ? ካውያና ምጣድ እንዳትሰኩ ተብለን ነበር። ጆኒ ቀጠሮ ነበረውና ሱሪውን ሊተኩስ ሰካ። ኢንቨርተር የሚሉት ሣጥን እንደ ሕፃን ጮኸና ሁሉም ነገር ጠፋ። አለሙ ሳሙናውን ሳይለቃለቅ ከሻወር ወጣ። ሁላችንም ስድብ ጠበቅን። እሱ ካውያውን ነቀለ፣ ሱሪውን አየት አደረገና «ልጅቷ ከወደደችህ እንደተጨማደድክም ትወድሃለች» አለው። ጆኒም እንደተጨማደደ ሄደ። ይኸው ሊሊ ሚስቱ ሆና አጠገቡ ቆማለች።

ያ ጋሪ ያልገባበት ድንኳን አለ? የወንድሜ ለቅሶ ላይ የካህናቱ ድምፅ ማጉያ ሲዘጋ ማን ገፍቶ አመጣው? ጴንጤው አለሙ። ያን ቀን ሌላ ወንድም እንዳለኝ አወቅኩ። በጣም እወደው ነበር።

ኤልሳቤት፣ ቀና በይ። መልሴ ይኸውልሽ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት የብየዳ ቤቱን ሰውዬ ከነመሰላሉ ጠራሁት። ወደ ደቡብ የሚያዘነብለውን ጣራ አሳየሁትና «ብሳው» አልኩት። ፓኔሉ አሁን እዚያ ላይ ነው። ስንመለስ ሁላችሁም ታዩታላችሁ። ሶዶ ሂጂ፣ እናትሽን እይ፣ አልቅሺ፣ ከዚያ ተመለሽ። ቤትሽ ነው። ከእንግዲህ ጋሪ ገፊ አያስፈልግሽም። ቢያፈስም ባልዲ አለኝ።

አለሙ፣ ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ይኸው ከሰዓት ሆነ። ስልኬን በእጄ ይዣለሁ፤ እንደማይጮህም አውቃለሁ። ፀሐይ ዞረች፣ አለሙ። ግድ የለም፤ አንተ እረፍ።