አምሳ ስምንት ነጥብ

(አዳማ፣ የዱቄት ፋብሪካው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ልብስ መቀየሪያ ክፍል፤ በእረፍት ሰዓት ቡድኑ 31 ለ 22 እየተመራ፣ የማሊያና የኳስ ኃላፊው ጋሼ ውብሸት የኳስ ከረጢቱን ታቅፎ በሩ ላይ ተቀምጧል፣ ቀለበት ሥር የምትጫወተው የቡድኑ ሴንተር ትርሲት እጇን ዘርግታ ከፊቱ ቆማለች።)

ውብሸት፦ እጅ መዘርጋት አይበቃም። እጅማ ለማኝም ይዘረጋል፤ እሱ እንኳ «ስለ ማርያም» ይልበታል። በአፍሽ ጠይቂኝ።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ልሟሟቅበት ነው። የቀረን ሰባት ደቂቃ ነው።

ውብሸት፦ ሰባት ደቂቃ ለእኔ ሰባት ዓመት ነው። በሰባት ደቂቃ ሃያ ነጥብ አስቆጥሬ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ከዳኛው ጋር ተጣልቼ ታርቄያለሁ። «ጋሼ፣ ኳስ ስጠኝ» በይና ውሰጂ።

ትርሲት፦ አልልም።

ውብሸት፦ ለምን?

ትርሲት፦ ኳስ ለምኜ አላውቅም። ያየ ይስጠኝ፣ ያላየ ይተወው። ዝም አይነቅዝም።

ውብሸት፦ ዝም አይነቅዝም፤ ቡድን ግን ይፈርሳል። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ምን አለ? ዛሬ ከተሸነፋችሁ ከአንደኛ ዲቪዚዮን ትወርዳላችሁ፣ ለወረደ ቡድን ደግሞ ፋብሪካው ማሊያ አይገዛም አላለም? ከዚያ አንቺ ወደ ማሸጊያ ክፍል፣ እኔ ወደ ጥበቃ። ይህን ቁመት ዱቄት ልታሽጊበት ነው?

ትርሲት፦ ቁመቴን ተወው።

ውብሸት፦ እንዴት እተወዋለሁ? ሁለት ሜትር ከሃያ።

ትርሲት፦ አንድ ሜትር ከዘጠና አንድ።

ውብሸት፦ ተቀምጠሽ ለክተውሽ ነው።

ትርሲት፦ ከሰሌዳው የተመለሰውን ኳስ አስራ አንድ ጊዜ የለቀመው ማነው? እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ።

ውብሸት፦ ለቅመሽ ለማን ሰጠሽ? ለሜላት። ሜላት ምን አደረገችው? ከሩቅ ወርውራ ሳተች። ለቀምሽ፣ ሰጠሻት፣ ሳተች፤ እንደገና ለቀምሽ፣ ሰጠሻት። ይሄ ቅርጫት ኳስ ነው ወይስ ቃርሚያ?

ትርሲት፦ ካፒቴናችን ናት፣ የመሰላትን ታድርግ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል አልሰማህም?

ውብሸት፦ ሰምቻለሁ። ያንቺን ሎሚ ታዲያ ማን ያዘው? ባዶ እጅሽን አይደል እንዴ የቆምሽው?

ትርሲት፦ አንተ አታውቅም። ከአሰላ ስመጣ ቤቷ ያስገባችኝ ሜላት ናት። ሁለት ዓመት በአንድ ፍራሽ ተኝተናል፤ የእኔ እግር ስለሚተርፍ እሷ ጥግ ላይ ተጠቅልላ ነው ያደረችው። እዚህ ቡድን ውስጥም በእጇ ይዛ ያስገባችኝ እሷ ናት። አሁን ሕዝብ ፊት ቆሜ «ስጪኝ» ልበላት? እንግዳ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ «ወጥ ጨምሩልኝ» ይላል?

ውብሸት፦ ሁለት ዓመት የከረመ እንግዳ ቤተኛ ነው፤ ወጡን ራሱ ያወጣል። ደግሞ እሷ ያለችውን ልንገርሽ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ለአሰልጣኙ ስታማርር ሰማኋት። «ሁለት ሰው ፊቴን እየሸፈነኝ ማንንም አላይም፣ የማቀብለው በድምፅ ነው፣ ያቺ ዛፍ ደግሞ ድምፅ የላትም» አለችው።

ትርሲት፦ ዛፍ አለችኝ?

ውብሸት፦ ዛፍማ ነፋስ ሲመጣ ይንኮሻኮሻል ብዬ ተከራከርኩልሽ።

ትርሲት፦ ብጮህስ ሰው ምን ይላል? ሁለት ኳስ አግብታ ነገሠች አይሉኝም?

ውብሸት፦ ይበሉሻ። እኔ በሰማንያ ስድስቱ ፍፃሜ «ስጡኝ» ስል ድምፄ ሞጆ ድረስ ተሰምቷል። አምሳ ስምንት ነጥብ። ቀለበቱ ግሎ እሳት አደጋ ተጠራ። ቦታ ያጣው ተመልካች ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ዛፉ ጎበጠ፤ እስከ ዛሬ አልተቃናም፣ ሄደሽ ማየት ትችያለሽ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው እኔን አይተው ነው።

ትርሲት፦ ጋሼ።

ውብሸት፦ አቤት።

ትርሲት፦ ትናንት የጉልበት ማሰሪያ አምጪ ብለህ ወደ ማሊያ ሳጥኑ ልከኸኝ አልነበር?

ውብሸት፦ ልኬሻለሁ።

ትርሲት፦ ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። የሰማንያ ስድስቱ ፍፃሜ የነጥብ መመዝገቢያ። ውብሸት፣ ቁጥር አስራ አራት፣ አራት ነጥብ።

ውብሸት፦ ሳጥኑን እስከ ሥሩ በረበርሽው?

ትርሲት፦ ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ግን ባልሠራኸው ነገር አትምከረኝ።

ውብሸት፦ ከአራት ነጥቡ ጎን የተጻፈውን አላየሽም?

ትርሲት፦ ምኑን?

ውብሸት፦ ሁለት ሙከራ፣ ሁለቱም የገቡ። መቶ በመቶ። እስቲ በዚህ አገር ፍፃሜ ላይ መቶ በመቶ ያገባ ሰው ጥሪልኝ።

ትርሲት፦ ለምን ሁለት ብቻ ሞከርክ?

ውብሸት፦ ኳስ አቀባዩ ጌታሁን ነበር፣ ታላቅ ወንድሜ። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ታላቅን «ስጠኝ» አይሉትም ብዬ አፌን ዘጋሁ። የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ቀለበቱ ሥር ብቻዬን ቆሜያለሁ፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለማን ላቀብል እያለ ይዞራል። አንድ ቃል ትበቃ ነበር። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። እስኪሞት ድረስ «የት ነበርክ?» ይለኝ ነበር።

ትርሲት፦ ምን ትመልስለት ነበር?

ውብሸት፦ አምሳ ስምንቱን ማውራት የጀመርኩት ያኔ ነው። አንቺ ዛሬ ስንት ሞከርሽ?

ትርሲት፦ ሁለት።

ውብሸት፦ ስንቱ ገባ?

ትርሲት፦ ሁለቱም።

ውብሸት፦ እንግዲያው የሳጥኑን ቁልፍ ተረከቢኝ። ከሰላሳ ዓመት በኋላ ያንቺም አምሳ ስምንት ይሆናል። ዛፍ ማጉበጥም አያቅትሽም።

ትርሲት፦ ፊሽካው ተነፋ።

ውብሸት፦ እንኪ ኳሱን። ሳትጠይቂ ውሰጂ፤ እኔ ምን አፍ አለኝ።

ትርሲት፦ ወደ ከረጢቱ መልሰው።

ውብሸት፦ ምነው?

ትርሲት፦ መልሰውና ከረጢቱን እሰረው።

ውብሸት፦ መለስኩ። አሰርኩ። ይኸው።

ትርሲት፦ ስጠኝ።

ውብሸት፦ አልሰማሁም። ሜላት ደግሞ ከዚህም ትርቅሻለች።

ትርሲት፦ ኳሱን ስጠኝ አልኩህ፣ ጋሼ። የእኔ ነው።