ጅራት የሌላቸው የርቢ ከብቶች

በደርግ ጊዜ ነው፤ ላሊበላ ውስጥ አማርኛ የምታቀላጥፍ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ጎረቤታችን ነበረች። አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል ወንድና ሴት ጊኒ ፒጎቿን ለእናቴ አመጣች። «እማማ፣ እስክመለስ ይጠብቁልኝ።» አይጥ እንዳትላቸው ጅራት የላቸው፣ ጥንቸል እንዳትላቸው ጆሯቸው ትንሽ! እናቴ ጥያቄዋን ታወርደው ጀመር። ሣር ይበላሉ? ብርድ ይችላሉ? ድመትስ? መልሱን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «በቃ፣ በርቢ ወስጃለሁ» አለች። እኛ ዘንድ ከብት በርቢ የወሰደ ሰው የተወለደውን ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል። ነርሷ «እሺ» አለች እንጂ የገባት አልመሰለኝም።

የይለፍ ወረቀት ዘግይቶባት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመለሰች። እናቴ ቅርጫት ሙሉ ግልገል አቀረበችላት። «ድርሻሽ ነው።»

«ኧረ እማማ፣ ምን ላድርጋቸው? ለእርስዎ ይሁኑ!»

«የሰው ድርሻ አስቀርቼ ሌባ ልባል?» ተቆጣች እናቴ።

ነርሷ ቅርጫቱን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ ሣቅ አለች። «እንግዲያው እነዚህንም በርቢ ይያዙልኝ።»

እናቴ እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች። ቅርጫቱን መልሳ ታቀፈችና ያን ጊዜ ያልጠየቀችው ነገር ትዝ አላት።

«ለመሆኑ ልጄ፣ መውለድ የሚያቆሙት መቼ ነው?»